ምንም መብራት አልበራም

ወንድሜ ቃሊቲ የገባው በሚነዳው የጭነት መኪና ሰው ገጭቶ ነው። ነገሩን ከዚህ ልጀምር፤ ሰፈራችን ውስጥ «ያቺ ቀይ መኪና ናት ያሳሰረችው» ሲባል ስለኖረ፣ አሁንም ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ቀይዋ መኪና ማንንም አልገጨችም። እሱ በተያዘበት ቀን ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። የእሷ ጉድ የመጣው በኋላ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የኔም እጅ አለበት።

መኪናዋ የስፖርት መኪና ነበረች። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የሚቀረው፣ የፊት መብራቷ ሲበራ ከኮፈኑ ውስጥ ብድግ ብሎ የሚወጣ። አንድ ፈረንጅ የሥራ ውሉ አልቆ አገሩ ሲገባ ለወንድሜ ሸጠለት፤ ያኔም አሮጊት ነበረች። በተሠራችበት ዘመን አለ የተባለ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ ታጭቆባታል። መስኮቷ በመጫን ይወጣል ይወርዳል፣ በሯ በሪሞት ይቆለፋል፣ ሞተሯን ኮምፒውተር ያዝዘዋል። አዲስ ሳለች ጌጥ የነበረው ሁሉ ሃያ ምናምን ዓመት ሲሞላው በሽታ ሆነ። ወንድሜ ግን አመሏን ያውቀዋል። እሑድ እሑድ ዳሽቦርዷን ፈትቶ ሽቦ ሲበጥስና ሲቀጥል ይውላል፣ እኔም «እባክህ ሽጣትና ሰው እንሁን» እያልኩ ስነዘንዘው እውላለሁ። ይስቅብኛል።

ሲፈረድበት ትልቁ ጭንቅ እማዬ ሆነች። ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል፣ በዚያ ላይ አስም አለባት። ከምንኖርበት ከአቃቂ ቃሊቲ ሩቅ አይደለም፤ ለጤነኛ ሰው ሚኒባስ ይበቃዋል። እማዬን ግን አንዴ በሚኒባስ ሞክረን፣ መንገድ ላይ ወርደን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታጣጥር ቆይተን ወደ ቤት ተመለስን። በየሳምንቱ ኮንትራት ታክሲ መያዝ የሚታሰብ አልነበረም። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ክፍል ነበርኩ፤ መንጃ ፈቃድም አለኝ፣ ያውም ራሱ ወንድሜ ነዝንዞ ያስወጣኝ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። መኪናዋ ከተነሳች እማዬ ልጇን ታያለች፣ ካልተነሳች አታይም።

መጀመሪያ ልጠይቀው የሄድኩት ብቻዬን ነው። በሁለት አጥር መካከል ሰው የሚያስተላልፍ ክፍተት አለ፤ እሱ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ፣ ሁሉም በአንዴ ይጮኻል። ከስቶ አገኘሁት። ስለራሱ ብጠይቀው አይመልስም፣ ስለመኪናዋ ግን ሳያቋርጥ ያወራል። እማዬን በእሷ ላመጣት እንዳሰብኩ ስነግረው ፊቱ ልውጥ አለ፤ የደስታ ይሁን የፍርሃት አልገባኝም። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንዳይጠፋኝ ቃል በቃል እየረገጠ ተናገረ።

«ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ከበራ፣ የፈለገ ትንሽ ትሁን፣ መጥተሽ ንገሪኝ። መብራት እየበራ እማዬን እንዳታሳፍሪብኝ።»

እሺ አልኩት።

ለአራት ወይ ለአምስት ቅዳሜ ያህል ደህና ሆነልን። እማዬን መኪናዋ ውስጥ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መጀመሪያ እሷን አስቀምጬ፣ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ አንስቼ አስገባለሁ። «ጉድጓድ ነው እንዴ የምታስገቢኝ» ትለኛለች፣ እኔም እቆጣታለሁ። ከተቀመጠች በኋላ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባጃጁን ሁሉ ከታች ወደ ላይ እያየች ትሄዳለች። ልጇን ባየች ቁጥር ሳምንቱን ሙሉ ይበላላታል፣ ይተኛላታል። አንድ ቅዳሜ ከቀረች ደግሞ ምግብ የሚባል አፏ አይገባም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የምለው ለራሴ ሰበብ ልፈልግ ብዬ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ መኪናዋን ላሙቃት ብዬ ሳስነሳት፣ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት በራች። ሞተሩ ደህና ይሠራል። አጠፋሁ፣ መልሼ አስነሳሁ፣ አለች። 

ቅዳሜ ሰልፍ ላይ ቆሜ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ሳወጣና ሳወርድ ነበር። ያን ሰልፍ የማያውቅ ሰው አይገባውም። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ስንቅ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ የሚናገረውንም አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ለታሰረ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ከፊቴ የምትሰለፍ አንዲት ሴት ነበረች፣ ቤታቸው ለመንገድ ሥራ ፈርሶ እሷ ዘመድ ቤት ተጠግታለች። ለባሏ ግን የጓሮው ኮክ እንዴት እንዳፈራ ትነግረዋለች። ስንት ፍሬ እንደለቀመች ሁሉ ትነግረዋለች፤ እሱም ከእስር ሲወጣ አጥሩን እንዴት እንደሚያድሰው ይነግራታል። እሷን እየሰማሁ እኔ ማን ነኝና በአንዲት ቢጫ መብራት ሰው የማሳቅቅ አልኩ። ደግሞም ብነግረው የሚለው ይታወቃል፤ እማዬን እንዳታመጫት ነው የሚለው።

አጥሩ ጋ ስንደርስ ከእማዬ በፊት የጠየቀው ስለ መብራቱ ነው። ምንም መብራት አልበራም አልኩት። እማዬ አጠገቤ ቆማ ሰማች፣ ዞር ብላ አየችኝ።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ሳምንት ሳይሞላት አዲስ ነገር ማምጣት ጀመረች። በእማዬ በኩል ያለው መስኮት ማንም ሳይነካው ይወርዳል፤ ሲያሰኘው ደግሞ ይወጣና እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ፍሬቻ ሳበራ ራዲዮኑ ይጠፋል። ጠዋት ማስነሻ ሞተሪኖው አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ደግሞ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። የሾፌሩ በር የቁልፍ ቀዳዳ ከወንድሜ ዘመን ጀምሮ የማይዞር ስለሆነ ያለ ሪሞት የሚከፈት በር የለንም፤ ሪሞቱ ደግሞ ሲፈልግ ብቻ ይሰማል። ከሁሉም የባሰብኝ ግን መቆለፊያው ነው። መንገድ ላይ እየሄድን በሮቹ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ፤ ይቆለፋሉ፣ ይከፈታሉ፣ ይቆለፋሉ። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ማነው የሚያንኳኳው?» ትለኛለች። ሽቦ ነው ስላት አታምነኝም።

አንድ ጠዋት መኪናዋ ጋ ስደርስ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠበል ዳሽቦርዱ ላይ ስትረጭ አገኘኋት። ደም ስሬ ተነሳ። «ኮምፒውተር ላይ ውሃ ትረጫለሽ? ሰው አይደለም እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። የሚገርመው ያን ቀንና በማግሥቱ ቢጫው መብራት ጠፋ። እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ በኩራት ስታየኝ ዋለች። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ፣ ሌላ ቀይ ከጎኑ ጨምሮ።

ከዚያ የሌባ ማንቂያው መጣ። ዘመኑ መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ባለበት በጠራራ ፀሐይ ማንም ሳይነካት ትጮኻለች። እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ ይሰማል። መጀመሪያ ጎረቤት ሌባ መስሎት ዱላ ይዞ ይወጣ ነበር። በኋላ ተለመደ፤ ስትጮህ «የእስረኛው መኪና ናት» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እኔም ለመድኩት። ባልለመድኩት ኖሮ።

የጋራዡ ሰው ባይረዳኝ መኪናዋ ያኔውኑ ትቆም ነበር። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ ባቡር ላይ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የእሳቸውም የጓደኞቻቸውም አሠራር አንድ ነው፣ ዳይሬክት ማድረግ። ለአሮጌ መኪና ዕቃ የለም፤ ቢኖርም ከውጭ እስኪመጣ ዓመት ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ሳጥን ይዘሉትና ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ይስባሉ። ፊውዝ ካስቸገረ እሱንም ይዘሉታል። በዚህ አሠራር ስንት ታክሲ ስንት ቤተሰብ አብልቷል፣ አልነቅፋቸውም። ማንቂያውን ዳይሬክት አደረጉት፣ መስኮቱን አደረጉት፣ መቆለፊያውን አደረጉት። መኪናዋም እንደ ድሮዋ ትነሳልኝ ጀመር።

መጨረሻ ላይ ባትሪው እያደረ እየሞተ ሲያስቸግራቸው ከሾፌሩ ወንበር ሥር አንድ ስዊች አገኙ። በፋብሪካ የተሠራ አይደለም፣ ወንድሜ በእጁ ያስገባው ነው፤ ወፍራም ሽቦ ገብቶ ይወጣበታል። ጋሼ ተንበርክከው ብዙ ቆዩ። የባትሪው መሞት ምናልባት ከዚሁ ሊሆን እንደሚችል፣ ግን ሰው ያለ ነገር ይህን አያስገባም፣ ሳልጠይቅ አልነካውም አሉ። ቅዳሜ ወንድሜን እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ።

ቅዳሜ አጥሩ ጋ ደረስኩ። እማዬ አብራኝ ነበረች። ወንድሜ ያን ቀን ፊቱ በርቶ ነበር፤ ሲወጣ መኪናዋን ቀለም ቀብቶ ለሠርግ እንደሚያከራያት፣ ከእንግዲህ የጭነት መኪና እንደማይነዳ ሲነግረን ነበር። ስለ ስዊቹ ብጠይቀው መኪናዋ ጋራዥ መግባቷን ያውቃል። ጋራዥ መግባቷን ካወቀ መብራቱን ያውቃል፤ ስንት ሳምንት እንደዋሸሁትም ያውቃል። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ሰኞ ጋራዥ ሄጄ «ጠይቄዋለሁ ጋሼ፣ አያስፈልግም፣ ንቀሉት ብሏል» አልኳቸው። አመኑኝ። ለምን አያምኑኝም? ነቅለው በዚያው መሥመር ዳይሬክት አደረጉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሄድን። ነፋስ ነበር፤ ከመንገዱ አቧራ ይነሳል። ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ አቆምኩ። ልማዳችን እኔ ቀድሜ ሰልፍ እይዝና ተራችን ሲደርስ እማዬን መጥቼ እወስዳታለሁ። አቧራው ለደረቷ ክፉ ስለሆነ መስኮቱን ዘግቼ፣ ስንቁን እግሯ ሥር አስቀምጬ፣ ሪሞቱን ይዤ ሄድኩ። ባለ ኮኳ ሴት ከፊቴ ነበረች።

ማንቂያው እንደገና ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞረ፣ ጥበቃዎቹም ዞሩ። እዚያ ቦታ የሚጮህ መኪና እንደ ሰፈር አይታይም። የማን ነው ብለው ሲጮኹ እኔ በንዴትና በሐፍረት ተቃጠልኩ፤ ደግሞ እዚህም አዋረደችኝ ብዬ ቦታዬን ለሴትየዋ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ። አልሮጥኩም። እየተራገምኩ፣ ሪሞቱን እየተጫንኩ፣ በእርምጃ ነው የሄድኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቀረብ ስል ከፊት መስታወቱ ሥር ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየሁ። ከዚያ የእማዬን እጅ መስኮቱ ላይ አየሁ። ሪሞቱን ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ በሮቹ ቀጭ አይሉም። ማንቂያው ሲቆልፋቸው ከውስጥም አይከፈቱም። የቁልፉን ቀዳዳ በጥፍሬ ቧጠጥኩት። ድንጋይ ስፈልግ አንድ ጥበቃ መሣሪያውን ወደ መኪናዋ ደግኖ ራቂ እያለ መጣ። «እናቴ! ውስጥ እናቴ አለች!» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ የጠመንጃውን ሰደፍ አዙሮ መስታወቱን ሰበረው፣ ጭሱ ፊቱ ላይ ወጣ፣ ሁለት ሆነን በመስኮቱ ጎትተን አወጣናት። ማንቂያው እስከዚያ ድረስ ይጮህ ነበር። አንድ ባለሱቅ በኮፈኑ በኩል ባትሪውን ነቅሎ ነው ዝም ያሰኘው።

እማዬ ስምንት ቀን ኖረች። ሐኪሞቹ ሳንባዋ ድሮም ደካማ ነው፣ ጭሱን አልቻለውም አሉ። ስታስል ውላ ስታስል ታድራለች። በመጨረሻ እጄን ይዛ የተናገረችኝ ነገር ቢኖር «ለሱ እንዳትነግሪው» ነው።

ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የጋራዡ ጋሼ መጡ። የተቃጠለችውን መኪና ግቢ ውስጥ አይተዋታል። አጠገቤ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ባርኔጣቸውን ሲያዞሩ ቆዩና፣ ያ ስዊች ምን እንደነበረ አሁን እንደገባቸው በዝግታ ነገሩኝ። ወንድሜ ያስገባው የመላው መኪና ማጥፊያ ነው። መቆለፊያው ሲያብድ፣ ሽቦ ሲሸት፣ ከወንበሩ ሥር እጅ ሰዶ እሱን መሳብ ነው፤ ሁሉም ይሞታል፣ በሮቹም ይለቃሉ። መኖሩን ብታውቅ፣ እማዬ ከጎን ወንበር ሆና እንኳ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር። ከዚያ ሽማግሌው ፈራ ተባ እያሉ ጠየቁኝ።

«በእውነት እሱ ነው ንቀሉት ያለው?»

የእማዬ እህቶች ፊት ለፊቴ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የእድሩ ሰዎች አሉ። ሁሉም ጆሮው ወደ እኛ ነበር። ጋሼ እኔን ሊከሱኝ አልነበረም የጠየቁት፣ የራሳቸውን ሸክም ሊያቀሉ ነው። አዎ፣ እሱ ነው ያለው አልኩ። ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው።

ሽማግሌዎቹ መክረው መርዶው እስር ቤት ውስጥ እንዳይነገረው ወሰኑ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ጥቁሬን ለብሼ ከቤት እወጣለሁ፤ ያን ቀን ባትሪውን የነቀለው፣ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ያለው ስልጤ ባለሱቅ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ያስገባኝና አበባ ያለው ቀሚስ ቀይሬ እገባለሁ። እሱም ዓይኑን ሰብሮ በሩን ይይዝልኛል፣ ምንም አይጠይቅም። እማዬ ጉንፋን ይዟታል አልኩ። ከዚያ ጉልበቷ ብሷል አልኩ። ከዚያ ክረምቱ እስኪወጣ አትመጣም አልኩ። ወንድሜ እየሰማ አንገቱን ይነቀንቃል። ስለ መብራቱ መጠየቅ እንዳቆመ ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ቅዳሜ፣ እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ ሹራብ ልካልሃለች እያልኩ ሳወራ ዝም ብሎ አየኝ። ዙሪያችን ሁሉ ይጮኻል። እሱ ግን ሳይጮህ፣ ከከንፈሩ እንዳነብ አድርጎ ተናገረ።

«ሰምቻለሁ። ከሰማሁ ወር ሆኖኛል። ስዊቹን ንቀሉት ያልኩት እኔ እንደሆንኩም ሰምቻለሁ።»

አጥሩን ያዝኩ። ልናገር አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«ተዪው። እኔ እዚህ ነኝ። አንቺ ነሽ እዚያ ከሰው ጋር የምትኖሪው።»

ደወል ተደወለና ወደ ኋላ እንድንል ታዘዝን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁሬን እንደለበስኩ ገባሁ፤ ሁለታችንም በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆመን አለቀስን። እንደማርመው፣ ለሁሉም እውነቱን እንደምናገር ማልኩለት። ራሱን ነቀነቀ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈታ። ግቢያችን ዘመድ ሞላ፤ ሰው ሁሉ እየተነሳ ይስመዋል። ድንኳን ውስጥ «አዎ፣ እሱ ነው» ስል የሰሙኝ የእማዬ ሦስት እህቶች ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሊስማቸው ሲል ታላቅየዋ ፊቷን አዞረች፣ ሁለቱም ተከትለዋት አዞሩ። እንደጎነበሰ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ቀና አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ዝም አልኩ።